በካንሰሩ ዙሪያ ብግነት አለ ማለት ሰውነት እየታገለ ነው ወይስ እያገዘው?

የመጀመሪያ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ባዮፕሲ ውጤት ወጣ፤ የአንጀት ካንሰር ነው። ወረቀቱ ላይ «በእጢው ዙሪያ በርካታ የብግነት ሴሎች ታይተዋል» ይላል። ሐኪሙን ልጠይቅ ስል ተራዬ አለቀ። እኔ የማውቀው ነጭ የደም ሴል ጠላት እንደሚያጠፋ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሆነው ከበውት ካንሰሩ እንዴት ያድጋል? አጎቴ ደግሞ ብግነቱ ከጠፋ ካንሰሩም ይከስማል፣ አስፕሪን በየቀኑ ትዋጥ እያለ ነው። እውነት ነው?

ስላይድ_ቤት
እህቴ፣ ምሕረቱን ያውርድላችሁ። እኔ የምውለው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው፣ የምትይውን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ። ሮዝና ሐምራዊ ቀለም የገባው ስስ ቁራጭ ነው። የካንሰር ሴሎቹ ትልልቅና ቅርጻቸው የተዛባ ነው፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ በብዕር ጫፍ የተነቆጡ የሚመስሉ ትንንሽ ጥቁር ሰማያዊ ነጥቦች ይሰፍራሉ። እነዚህ ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።

ብግነት ማለት ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ጣትሽ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን አስቢው። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ይመጣሉ፣ ቆሻሻውን ይበላሉ፣ አዲስ የደም ሥር ይጠራሉ፣ ጎረቤት ሴሎችን «ተባዙ» ይላሉ፣ ቁስሉ ሲገጥም ሥራቸውን ጨርሰው ይበተናሉ። ካንሰር ያንኑ ጥሪ ያሰማል፤ «በቃ» የሚለው ግን አይመጣም። ስለዚህ ጥገና የመጣው ሠራተኛ ለካንሰሩ ቤት ይሠራለታል፣ ደም ያስገባለታል፣ በዙሪያው ያለውን ግድግዳ ሳይቀር ያፈርስለታል። ድቮራክ የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም በ1986 እጢን የማይድን ቁስል ብሎታል፤ ከዚያ የተሻለ አባባል አላየሁም።

በ1985 የታተመ የዶሮ ሙከራም አለ። ካንሰር አምጪ ቫይረስ አንዱ ክንፏ ላይ ይወጓታል። ቫይረሱ በደም ሌላ ቦታም ይደርሳል፣ እጢው ግን የሚበቅለው መርፌው የገባበት ላይ ነው። ሌላኛውን ክንፍ ሲያቆስሉት እዚያም በቀለ!

ግን አትደንግጪ። ዋናው የትኞቹ ሴሎች ናቸው የሚለው ነው። በአንጀት ካንሰር ቲ ሴሎች፣ ማለትም ከሊምፎሳይቶቹ አንዱ ዓይነት፣ በብዛት እጢው ውስጥ ሲገቡ አብዛኛውን ጊዜ ደግ ምልክት ነው። ማክሮፌጅ ግን እንደ ሁኔታው ወገን ይቀይራል።

ጥያቄ_አላበዛም
ብግነት ሁልጊዜ የካንሰር አጋዥ እንዳይመስላችሁ። ለፊኛ ካንሰር ቢሲጂ፣ ያ የቲቢ ክትባት፣ ፊኛ ውስጥ የሚጨመረው ሆን ብሎ ብግነት ለመቀስቀስ ነው። ይሠራልም። የሚጎዳው ዓመታት የሚቆየው ነው፦ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ጉበትን፣ ኤች ፓይሎሪ ጨጓራን። ሴሉ እየተጎዳ እየተባዛ፣ እየተጎዳ እየተባዛ፣ አንድ ቀን ዲኤንኤው ላይ ስህተት ይጠራቀማል።

ፋርማሲስቱ
ወደ አስፕሪኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም አጎትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ግማሽ እውነት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በዘር የሚተላለፈውና ለአንጀት ካንሰር የሚያጋልጠው ሊንች ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች አስፕሪን ለዓመታት ሲወስዱ የአንጀት ካንሰር ቀንሶላቸዋል። እጢያቸው ውስጥ ፒአይኬ3ሲኤ የሚባለው ጂን የተለወጠባቸው ሰዎችም ከቀዶ ጥገና በኋላ አነስተኛ መጠን ሲወስዱ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ቀንሷል። በሌላ በኩል ጤነኛ አዛውንቶች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት አስፕሪን የወሰዱት ብዙም አልተጠቀሙም፣ እንዲያውም በካንሰር የሞቱት በዝተው ተገኝተዋል።

ካናኪኑማብ የተባለውን ብግነት የሚቀንስ መድኃኒትም ተመልከቱ። በ2017 የወጣው ጥናት የልብ ሕመምተኞች ላይ ነበር፣ ከ10,000 በላይ ሰው። የሳንባ ካንሰር በጣም ቀነሰ፣ ሁሉም ጮቤ ረገጠ። ካንሰሩ ቀድሞ ለያዛቸው ሲሰጥ ግን ዕድሜ አላራዘመም። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ሠራተኛውን ብታባርሪው ቤቱ አይፈርስም።

እናትሽ ቀዶ ጥገና ካለባቸው አስፕሪን ደም ያፈሳል። ያለ ሐኪም እንዳትጀምሩ፣ አደራ!

የመጀመሪያ_ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን እንደገና አየሁት፣ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «በአብዛኛው ሊምፎሳይት» ይላል። ቀጠሮአችን ሐሙስ ነው፣ ስለዚያ ጂን ምርመራ እጠይቃለሁ። ለአጎቴ ደም መፍሰሱን ነገርኩት። እንክብሉን ኪሱ ከተተው፣ መልስ አልሰጠኝም።