ፍሪቢኤስዲን ለማስመረጥ የአፕታይም ቁጥር በቂ ማስረጃ ነውን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አንድ ሰርቨር ሪስታርት ሳይደረግ ሁለት ዓመት መሥራቱን (አፕታይሙን) ለአለቆች እያሳየን ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ኦፕን ሶርስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብናስተዋውቅ ትክክል ነውን?

የመጀመሪያው ተከራካሪ (ሲስተም አስተዳዳሪ)፦ ትክክል ነው እላለሁ። ሥራ አስኪያጅ ስለ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ቢነገረው አይሰማም፤ የደመወዝ ሲስተሙ በወር መጨረሻ ቆሞ እንደማያውቅ ሲያይ ግን ያምናል። ዋትስአፕ በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድ የፍሪቢኤስዲ ሰርቨር ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ማስተናገዱን አስታውቋል፤ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም።

ሁለተኛው ተከራካሪ (ሲስተም አስተዳዳሪ)፦ ወንድሜ፣ ዓላማዎን እጋራለሁ፤ መለኪያዎን ግን አልቀበልም። ፍሪቢኤስዲ ላይ የከርነል የደህንነት ማስተካከያ የሚሠራው ማሽኑ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት ያልጠፋ ሰርቨር ሁለት ዓመት ሙሉ በአሮጌ ከርነል ሲሠራ የኖረ ነው። ባለፈው ክረምት በምሠራበት መሥሪያ ቤት መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩ አልነሣ ብሎ፣ የዩፒኤሱም ባትሪ አልቆ ሁለት ሰርቨሮች ጠፉብን። በአፕታይሙ የምንኮራበት አንደኛው መብራት ሲመጣም አልተነሣም፤ ከዓመት በፊት የተነቀለ ዲስክ ስም ሲስተሙ ሲነሣ የሚከፍታቸው ዲስኮች ከተዘረዘሩበት የኤፍኤስታብ ፋይል ሳይሰረዝ ቀርቶ ኖሮ ሲስተሙ ሲንግል ዩዘር በሚባለው የጥገና ሁነታ ላይ ቆሞ ጠበቀን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ሪስታርት አድርጎ ስላልሞከረው ስህተቱን ያወቀ አልነበረም፤ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠን ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ሰዓት ፈጀብን። በየወሩ ሪስታርት የምናደርገው ሌላው፣ ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሲስተም ላይ የተጫነው፣ ዳታው ምንም ሳይሆን በጥቂት ደቂቃ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ለአለቆቼ የማሳየው ኃይል ተቋርጦበት እንዴት እንደሚነሣ፣ የተበላሸ አፕዴት ሲገባበትም በቡት ኢንቫይሮንመንት (ከአፕዴቱ በፊት በተቀመጠ የሲስተሙ ቅጂ) ወደ ቀድሞው ይዞታው እንዴት እንደሚመለስ ነው።

ሦስተኛዋ ተከራካሪ (የግዢ ባለሙያ)፦ ሁለታችሁም ስለ ማሽኑ ነው የምትናገሩት፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ነው። ኔትፍሊክስ ቪዲዮ የሚያሰራጭባቸው ሰርቨሮች በፍሪቢኤስዲ እንደሚሠሩ ደጋግማችሁ ትነግሩናላችሁ፤ ኔትፍሊክስ ግን የሲስተሙን ኮድ ራሳቸው የሚያሻሽሉ ኢንጂነሮች አሉት። እኛ ዘንድ ሲስተሙን የሚያውቀው አንድ ባለሙያ ነው፤ እርሱ ሥራ በለቀቀ ማግስት ውል የምጠይቀው ማንን ነው?

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ከእኔ ክርክር ይከብዳል፤ በቴክኒክ መልስ ብቻ አላልፈውም። ኔትፍሊክስ ገና በልማት ላይ ያለውን የሲስተሙን ኮድ ቅርንጫፍ እየተከታተለ የሚያድስ ድርጅት ስለሆነ ለአፕታይም ቁጥር ምስክር አይሆንም፤ ለእኛ አቅምም ልክ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሰርቨሩን ያልጫነ ባልደረባ የፍሪቢኤስዲን ይፋዊ መመሪያ መጽሐፍ (ሃንድቡኩን) እና እኛ የጻፍነውን መመሪያ ብቻ ይዞ ባክአፑን ባዶ ማሽን ላይ ይመልስ። ካልቻለ ሲስተሙ የቱንም ያህል አስተማማኝ ቢሆን ለግዢ ኮሚቴው አላቀርበውም።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ የአፕታይሙን ፎቶ ከገለጻዬ አወጣዋለሁ። ደመወዝ ያልዘገየባቸውን ወራት ግን አልተውም፤ ኮሚቴው በራሱ መዝገብ ሊያመሳክረው የሚችለው ማስረጃ እርሱ ነውና። የባክአፑን ሙከራ ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት፣ የግዢ ባለሙያዋ ባሉበት፣ እናድርገው።