ክርክር፦ ለሐይቅ ዳሩ መድረክ አሮጌ ኦርጋን ወይስ ላፕቶፕ?

ጥያቄው ይህ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ለሚሠራ የሙዚቃ መድረክ ከነዋሪው ገንዘብ ሊዋጣ ነው። አሮጌ ሃሞንድ ኦርጋን ይምጣበት ወይስ ድምፁን የሚያስመስል ሶፍትዌርና ላፕቶፕ ይገዛበት? ስድብ ክልክል ነው።

ጋሽ ባለኦርጋን፦ እኔ ያደግሁት በኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ነው፤ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ይጫወት በነበረበት ዘመን። መድረክ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ለእኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ጋሼ፣ ፍቅርዎ ይገባኛል። ግን ቢ-3 የሚባለው የሃሞንድ ሞዴል ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ 190 ኪሎ ገደማ ነው። በባጃጅ አይሄድ!

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ኪሎው ትንሹ ችግር ነው። ሃሞንድ ውስጥ 91 ጥርሳም የብረት ጎማዎች አሉ። ማግኔት አጠገብ ሲሽከረከሩ ድምፅ የሚሆነውን ሞገድ ያመነጫሉ። የሚያዞራቸው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50። የአሜሪካውን እዚህ ብትሰኩት ድምፁ ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ሄርዙን አይቀይርም።

ጋሽ ባለኦርጋን፦ ለአውሮፓ በ50 የተሠራ አለ። እሱን እናምጣ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አለ፣ ልክ ነዎት። መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተሩ 51 ሄርዝ ከሰጠ የኦርጋኑ ቃና የግማሽ ቃና ሲሶ ያህል ከፍ ይላል። ሳክሱ ባለበት ቀረ። በዘፈን መሃል ማን ይቃኛል?

ዓባይ ማዶ፦ እኔ ድምፅ ነው የምሠራው። ሶፍትዌሩንም አታካብዱት። የሃሞንድ ግማሽ ነፍሱ ሌስሊ ነው፤ ውስጡ የሚዞር ጥሩንባ ያለው ስፒከር። ድምፁ እየዞረ ግድግዳ ይመታል። ሶፍትዌሩ ይህን በሁለት ማይክ እንደተቀዳ አድርጎ ያቀርበዋል። በኢርፎን ስትሰሙት ግሩም ነው። በእኛ ሰፈር ልማድ ሁሉም ነገር ወደ አንድ መስመር ተጨፍልቆ ሲወጣ ግን ዙሩ ይጠፋል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ስቴሪዮ ማውጣት እኮ የኬብል ጉዳይ ነው። ሴትቢፍሪ የሚባለው የኦርጋን ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ድሮውባሩም (የኦርጋኑን ድምፅ የሚቀይሩት ተንሸራታች ዘንጎች) ሌስሊውም አለው። ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ሶፍትዌር) አንነካም፣ የሕዝብ መድረክ ነው። ገንዘቡ ድምፁን ከላፕቶፑ ለሚያወጣ ጥሩ ሳውንድ ካርድ ይዋል። ባፈሩ (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት) 128 ናሙና ላይ ከሠራ፣ በእሱ የሚመጣው የድምፅ መዘግየት 3 ሚሊሰከንድ አይሞላም።

ጋሽ ባለኦርጋን፦ እሺ፣ አንድ ልጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ቢ4 የተባለው የሃሞንድ ማስመሰያ ሶፍትዌር ዛሬ የት አለ? መሸጥ አቁመዋል። ቢ-3 ምርቱ በ1974 ቆሞ እስከ ዛሬ ይጫወታል!

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ይቺ ጠንካራ ናት። መለዋወጫ የሚያመጣልን ሰው ካለ ማለቴ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ የሴትቢፍሪ ኮዱ ክፍት ነው ጋሼ። ድርጅት ቢዘጋም አይቀበርም።

ዓባይ ማዶ፦ ድምፄ ለላፕቶፕ ነው፤ ስፒከሩ ግራና ቀኝ ከሆነ ብቻ። ካልሆነ ተቃዋሚ ቁጠሩኝ።

ጋሽ ባለኦርጋን፦ እኔን አሁኑኑ ቁጠሩኝ።