ውጭ አገር በእጅ እየገነቡ አርክቴክቸር መማር፣ የሚያውቅ አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ እዚሁ ባህር ዳር አርክቴክቸር 4ኛ ዓመት ነኝ፣ እስካሁን አውቶካድ (የንድፍ ሶፍትዌር) ላይ እንጂ በእጄ አንድ ብሎኬት ደርድሬ አላውቅም 😅 ማስተርስ እየገነቡ የሚማሩበት ቦታ ካለ እስኪ ጠቁሙኝ

መልስ፦ አሜሪካ ያለው ዬል ዩኒቨርሲቲ ከ1967 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የማስተርስ አንደኛ ዓመቶቹ ነድፈው ራሳቸው ይገነባሉ። ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ደሞ ሩራል ስቱዲዮ የሚባል እየገነቡ የሚማሩበት ፕሮግራም አለው፣ እዛው አሜሪካ አላባማ ገጠር። ስኮላርሺፕ ሳትይዝ ግን እንዳታስበው

መልስ፦ አርክቴክቱን ፍራንሲስ ኬሬን እይ ባክህ፣ የቡርኪናፋሶ ልጅ፣ በርሊን ገና ተማሪ እያለ የተወለደበት መንደር ጋንዶ ላይ ከመንደሩ ሰው ጋር ባገሩ አፈር ጡብ ትምህርት ቤት ሰራ፣ ቆርቆሮውን ከፍ አርጎ ሙቀቱ በስሩ እንዲወጣ፣ ከዛ በ2022 (እ.ኤ.አ) ፕሪትዝከርን፣ ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ወሰደ። የሚያዝያን ሙቀት ለምናውቅ ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው

መልስ፦ እስከዛው ጣና ዳር ውረድና ታንኳ ሰሪዎቹን ደንገል ሲያስሩ አግዛቸው፣ ፖርትፎሊዮህ ላይ ከሬንደር (ኮምፒውተር ከሰራው ምስል) ይሻላል

ጠያቂ፦ 😂 ቅዳሜ እወርዳለሁ