ወንበሩን ያጠበበው ማነው?

ክንፍ ወዳድ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው «ወንበሩን ያጠበባችሁት እናንተው ናችሁ፣ ርካሽ ትኬት ስለምትፈልጉ ነው፣ ምቾት ያማረው ቢዝነስ ክላስ ይግዛ» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ደግሞ ላይክ አደረገለት። በጣም ተናድጃለሁ፣ ሳልመልስ አላልፈውም።

ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፕላን እወዳለሁ። የአየር መንገድ ጠላት አይደለሁም። ግን ቦይንግ 787ን ሲያቅድ በኢኮኖሚ ክፍል በአንድ ረድፍ ስምንት ወንበር ነበር ያሰበው፣ ሁለት፣ አራት፣ ሁለት። የካቢኑ ስፋት 5.49 ሜትር ስለሆነ ስምንት ሰው ተደላድሎ ይቀመጥበታል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ግን ዘጠኝ አድርገው አዘዙት። ወንበሩም 17 ኢንች ገደማ ሆነ፣ 43 ሳንቲሜትር ማለት ነው። የአንድ አዋቂ ወንድ ትከሻ ከዚያ ይሰፋል! ስለዚህ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀህ ነው የምታድረው። የጃፓኑ አየር መንገድ ጃል በዓለም አቀፍ በረራዎቹ ስምንቱን ይዞ ቀጥሏል፣ ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር የለም። ሌላው የቦይንግ አውሮፕላን 777 ላይም ያው ነው። መጀመሪያ ብዙዎቹ በረድፍ ዘጠኝ ነበር የሚያስቀምጡት፣ አሁን አስር ነው። አውሮፕላኑ ግን አንድ ሳንቲሜትር አልሰፋም። ያንን ትርፍ ወንበር ያስገባው ተሳፋሪ ነው?

ሂሳብ ሹሙ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ከዘጠኝ ወንበር አንዱን ስታነሳ 11 በመቶ ገቢ ይሄዳል። ያንን ለማካካስ የቀሩት ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው 12.5 በመቶ መጨመር አለባቸው። 1,000 ዶላር የነበረው 1,125 ይሆናል። አሁን ሁላችሁም በሐቅ መልሱልኝ። ትኬት ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ዋጋውን። ከርካሽ ወደ ውድ ትደረድሩና ከላይ ያለውን ትቆርጣላችሁ። አየር መንገዱም ይህንን ያያል። ስለዚህ የወሰነው ገዢው ነው።

ክንፍ ወዳድ፦
«የወሰነው ገዢው ነው»? ገዢው ሲገዛ የወንበሩ ስፋት የት ተጽፎለት ነው የሚወስነው? ዋጋው ተጽፏል። የመነሻ ሰዓቱ ተጽፏል። የሻንጣው ኪሎ ተጽፏል። ስፋቱን ግን እንደኔ ያለ ሰው ቆፍሮ ካላወጣው አታገኘውም። ሰው ያላየውን ነገር ወሰነ አይባልም።

ሸገር በዲሲ፦
ስወልድ እናቴን አመጣኋት። መሃል ወንበር ላይ ነበር ያስቀመጧት። ግራና ቀኝ ያሉትን ሰዎች ማስነሳት አፍራ ሽንት ቤት ላለመሄድ ስትል ውሃ እንኳን ሳትጠጣ ነው የደረሰችው። ኤርፖርት ስቀበላት እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏታል። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፣ ጉዳዬ እሱ አይደለም። ሂሳብ ሹሙ፣ 125 ዶላሩን እከፍል ነበር። እጥፍም ቢሆን እከፍል ነበር። የጠየቀኝ ግን የለም።

ሂሳብ ሹሙ፦
እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ። ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ «እከፍል ነበር» ማለት ቀላል ነው። በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር አስቀድመሽ መምረጥ ትችይ ነበር። ብዙ አየር መንገዶች ተጨማሪ ከፍለሽ ትመርጫለሽ። ከፍለሽ ነበር?

ሸገር በዲሲ፦
ትኬቱን የቆረጠላት አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው፣ ከትኬት ቢሮ። ወንበር ይመረጣል ብሎ የነገረው ሰው የለም። ደግሞ ለምንድን ነው አንዲት አሮጊት ውሃ ለመጠጣት ተጨማሪ የምትከፍለው?

ጉለሌው፦
እዚህ ግሩፕ ላይ የማንኛውም ወሬ መጨረሻው የኛን አየር መንገድ ማማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር እኮ በጦር ሰራዊት ሲ-47 ነበር። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ መሃሉ ላይ ዕቃ ይጫናል። ከዚያ ተነስቶ በ2012 787ን፣ በ2016 ኤርባስ 350ን፣ በ2024 ደግሞ ኤ350-1000ን ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባ ድርጅት ነው። ስለ ትከሻ ስታወሩ ይህንንም አንሱ።

ክንፍ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ስሙን የጠራሁት የቱ ጋ ነው? እኔም እኮራበታለሁ። ኩራቱ ግን አፌን አይዘጋውም። እንዲያውም አንተ ያነሳኸው ኤርባስ 350 ለኔ ክርክር ምስክር ነው። ካቢኑ 5.61 ሜትር ነው፣ ከ787 በ12 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ተቀምጦበትም ወንበሩ 18 ኢንች አካባቢ ይደርሳል። አንድ ኢንች ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ስትቀመጥበት ግን ልዩነቱ ይገባሃል። የምወደው ሰው ሲሄድ የሚበርበት አውሮፕላን 350 መሆኑን አይተህ ቁረጥ እለዋለሁ። ይህ ማማት ነው?

የድሮ ቴክኒሻን፦
ልጆች፣ ምቾትን በወንበር ብቻ አትለኩት። ብዙ ዓመት አውሮፕላን ስጠግን ኖሬያለሁ። ሰውን የሚያደክመው አየሩም ነው። በድሮዎቹ አውሮፕላኖች የካቢኑ አየር በ8,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር እስኪሆን ድረስ ይሳሳል፣ 2,400 ሜትር ገደማ ማለት ነው። 787 ላይ ግን 6,000 ጫማ ወይም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይያዛል። አካሉ ከካርቦን ውህድ ስለተሠራ ጠንካራ ነው፣ እንደ አሉሚኒየሙም ዝገት አያሰጋውም። ስለዚህ በካቢኑ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ማቆየት ይቻላል። ጉሮሮ የማይደርቀው ለዚህ ነው። ዘጠኝ ወንበር ያለው 787 ከዘጠኝ ወንበሩ 777 በጠባብነቱ ይብሳል፣ እሺ። ስትወርዱ ግን ራስ ምታቱ ይቀንሳል።

ጉለሌው፦
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። በዚህ በኩል ግን አልስማማም። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው 787 ውስጥ ሲገባ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ከፍታ ወረደ ማለት ነው። የድሮው አውሮፕላንም ቢሆን ለኛ እንደ ሰፈራችን ነው። ታዲያ ለኛ ሰው ምን ጠቀመው?

የድሮ ቴክኒሻን፦
ላንተ ላይጠቅም ይችላል። ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ከርሞ የሚመጣው ሰው ግን ከባሕር ዳርቻ ነው የሚነሳው። አውሮፕላኑ የተሠራው ለጉለሌ ብቻ አይደለም፣ ልጄ።

ጉለሌው፦
ጋሼ፣ ስለ እርጥበቱ ግን ተስማምቻለሁ።

ሪያድ ያለሁት፦
እናንተ ስለ 787ና 350 ትከራከራላችሁ። እኔና ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ የምንመጣው በ737 ነው። ስድስት ሰው በረድፍ፣ መሃሉ አንድ ቀጭን መተላለፊያ። ለሥራ የሚሄዱት እህቶቻችን በዚህ ነው የሚጓዙት። ሻንጣ ሞልቶ፣ ሕፃን ታቅፈው። ስለነሱ የሚከራከር የለም።

ክንፍ ወዳድ፦
ልክ ነሽ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። 737 የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የካቢኑ ስፋት የተወረሰው ደግሞ ከሱ በፊት ከነበረው ከ707 ነው። 3.54 ሜትር ነው፣ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። አዲሱ ሞዴል ማክስ ተባለም ምን ተባለ ስፋቱ ያው ነው። የኤርባሱ 320 በ16 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ኤ220 የሚባለው ደግሞ በረድፍ አምስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሁለትና ሦስት። በአንድ ረድፍ አንድ ሰው ብቻ ነው መሃል የሚቀመጠው፣ የሱም ወንበር ወደ 19 ኢንች ይደርሳል። ጎረቤታችን ኤር ታንዛኒያ አለው። እኔ ብጠየቅ ለአጭር በረራ ከዚህ የተሻለ አውሮፕላን የለም እላለሁ።

ሂሳብ ሹሙ፦
ለምን 737 እንደሚገዛ ልንገርህ። አብራሪው የሚያውቀው፣ ቴክኒሻኑ የሚያውቀው፣ መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ ያለ አውሮፕላን ነው። አዲስ ዓይነት ማስገባት ማለት አዲስ ሥልጠናና አዲስ መጋዘን ማለት ነው። ይህ ሁሉ ዞሮ የሚያርፈው ትኬቱ ላይ ነው። ሪያድ ያለችው እህታችን ደሞዟን ለቤተሰብ የምትልክ ናት። መቶ ዶላር ይጨመርብሽ ብትላት አትፈልግም።

ሪያድ ያለሁት፦
ስለኔ አንተ አትመልስ። ራሴን ጠይቀኝ።

አራት ኪሎ ያደግኩት፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላስገባ። ወደ አሜሪካ ስንሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው ነገርስ? እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው። ስንመለስ ግን ቀጥታ እንገባለን። ሲሄድ ማቆም ለምን አስፈለገ? ርካሽ ነዳጅ ፍለጋ ይመስለኛል።

የድሮ ቴክኒሻን፦
አይደለም። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፣ ክንፉም በቂ አየር አያገኝም። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። ከዋሽንግተን ሲነሳ ግን መሬቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፣ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታሰበው ኤርፖርት ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል። ያ ትልቅ ለውጥ ነው።

አራት ኪሎ ያደግኩት፦
ገባኝ ጋሼ። ቢሆንም ጀርባዬን አመመኝ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ወንበሩን እስከ መጨረሻው አጋድሞ፣ ምግብ ሲመጣ እንኳን አልመለሰውም። ባህል የሚባል ነገር የለም?

ሸገር በዲሲ፦
ወንበሩ የተሠራው እንዲጋደም ነው። የከፈለበትን ነው የተጠቀመው። ምግብ ሲመጣ ግን መመለስ አለበት፣ በዚያ ልክ ነህ።

ሂሳብ ሹሙ፦
ከኋላ ያለውን ሰው መጠየቅ ምን ያስቸግራል? የአሜሪካው አየር መንገድ የዴልታ ሥራ አስፈጻሚ ኤድ ባስቲያንም በ2020 ይህንኑ ነው ያለው፣ ከኋላህ ረጅም ሰው ካለ ይመቸው እንደሆነ አረጋግጥ አለ።

ክንፍ ወዳድ፦
እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ረድፎቹን ያቀራረበው አየር መንገድ ነው፣ እርስ በርስ ተስማሙ የምንባለው ደግሞ እኛ። ከፊትህ ያለው ሰውዬም ጀርባው ታሞ ይሆናል። ጠላትህ እሱ አይደለም። የአየርላንዱ አየር መንገድ ራያንኤር ቢያንስ በግልጽ ነው የሠራው፣ ወንበሮቹ ጭራሽ አይጋደሙም፣ ስትገዛም ታውቀዋለህ።

ጉለሌው፦
ስለ ተሳፋሪም እናውራ እንጂ። አንድ የእጅ ሻንጣ ሲባል ሦስት ይዞ የሚገባው ማነው? መደርደሪያው ሞልቶ ሰው እግሩ ሥር ያስቀምጣል። የጉልበት ቦታ የለም ብሎ የሚጮኸውም እሱው ነው።

ሸገር በዲሲ፦
እናቴ በርበሬና ሽሮ ይዛ ነው የመጣችው። ሻንጣ ውስጥ ከገባ ይጠፋል ብላ ፈርታ ነው።

ክንፍ ወዳድ፦
ይህ ከደኅንነት ጋር ይያያዛል፣ አትቀልዱበት። በጥር 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃል ኤርባስ 350 ሲያርፍ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። ውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ። አስተናጋጆቹ ሻንጣችሁን ተዉ አሉ፣ ሰውም ሰማ። አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። ታዲያ ረድፎቹ እየተቀራረቡ ሲሄዱ፣ ጉልበቷ የማይታጠፍላት እናት መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ያ 90 ሰከንድ እውነት ነው? የኔ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ መንግሥት ዝቅተኛ ልክ ያውጣ እላለሁ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ የወንበር ስፋትና የረድፍ ርቀት ዝቅተኛ ልክ እንዲወስን በሕግ አዝዞ ነበር። በ2022 የሕዝብ አስተያየት ተሰበሰበ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጻፈ። የተሳፋሪዎች ማኅበር ፍርድ ቤት ሄዶ ቢከራከርም በ2023 ተሸነፈ።

ሂሳብ ሹሙ፦
አየህ፣ ፍርድ ቤት እንኳን አልተቀበላችሁም።

ክንፍ ወዳድ፦
ፍርድ ቤቱ ወንበሩ ሰፊ ነው አላለም። ልክ እንዲወጣ ኤፍኤኤን አላስገድድም ነው ያለው። ልዩነት አለው።

ሂሳብ ሹሙ፦
ልክ ይውጣ እንበል። ስምንት ወንበር ሆነ፣ ዋጋው ጨመረ። ያቺ ትኬቱ 1,125 ስለሆነባት ልጇን ሳታይ የምትቀር እናትስ? እሷ እዚህ ግሩፕ ላይ የለችም፣ አትጽፍም። እኔ የምከራከረው ለሷ ነው። አንተ ስለ ትከሻ ታወራለህ፣ እኔ ስለ መሄድና አለመሄድ።

ሸገር በዲሲ፦
በእናት አትከራከር። እናትህ ስታብጥ አላየሃትም።

ክንፍ ወዳድ፦
እሺ፣ ዋጋውን ተወው። ቢያንስ ትኬት ሲሸጥ ከዋጋው አጠገብ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የወንበሩ ስፋት ይጻፍ። ይህ ስንት ብር ያስወጣል? አንድም አያስወጣም። በዚህስ ትስማማለህ ወይስ አትስማማም?

ሂሳብ ሹሙ፦
ይጻፍ። አሁንም የሚገዛው ርካሹን ነው።

ክንፍ ወዳድ፦
አይቶ ይግዛ። እስካሁን ሳያይ ነው የገዛው፣ አንተም «ወሰነ» ያልከው ሳያይ የገዛውን ሰው ነው።

ጉለሌው፦
ሪያድ ያለችው እህታችን ስንት ትጨምሪያለሽ ተብላ ሳትጠየቅ ቀረች እኮ።

ሪያድ ያለሁት፦
ሃምሳ። ከዚያ በላይ አልችልም። ግን ሃምሳ እጨምር ነበር።

ሂሳብ ሹሙ፦
ሃምሳ አይበቃም።