«እጁን ይዞ ያስፈረመው የለም» ላላችሁን

ብሩኬ ካዛንቺስ፦
ቅዳሜ ማታ በሬዲዮ ስለ ዘጠናዎቹ ልጅ ዘፋኞች ሲወራ የሰማችሁ አላችሁ? እንግዳው ስለ አሮን ካርተር ተጠየቀና «ሚሊዮን አገኘ፣ ሚሊዮን አባከነ፤ ውሉንም ቢሆን እጁን ይዞ ያስፈረመው የለም» ብሎ ስቱዲዮውን አሳቀው። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። ልጁ በ2022 በ34 ዓመቱ ሞቷል። በ2013 ኪሳራ ሲያስመዘግብ ከነበረበት ዕዳ 1.3 ሚሊዮን ዶላሩ የ2003 የፌዴራል ግብር ነው። የተወለደው በ1987 መጨረሻ ስለሆነ አስሉት፤ 15 ዓመቱ ነበር። «አባከነ» የተባለው እንግዲህ የዘጠነኛ ክፍል እኩያ ልጅ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ግን ምሳር የሚያነሳ ሰው ቢያንስ ቁጥር ይይ።

ማሜ ጎፋ፦
እንግዳው ምን አጠፋ? በዚያው ዘመን፣ እዚያው ኦርላንዶ፣ የወጣት ዘፋኞች ቡድን በሚያቋቁመው ማናጀር በሉ ፐርልማን እጅ ያደጉት ባክስትሪት ቦይስ በ2025 ላስ ቬጋስ ስፊር አዳራሽ ገብተው ዘፍነዋል። የሌላው የፐርልማን ቡድን የኤንሲንክ ልጅ ጀስቲን ቲምበርሌክ የት እንደደረሰ ለማንም አልነግርም። ጥፋቱ የውሉ ቢሆን ሁሉንም ያጠፋቸው ነበር። ስለዚህ እደግመዋለሁ፦ እጁን ይዞ ያስፈረመው የለም።

ሶስና ቲ፦
እውነት ነው፣ እጁን መያዝ ምን ያደርጋል፤ ፊርማው የሱ አይደለማ! ባክስትሪት ቦይስ በ1993 ሲቋቋም የአሮን ታላቅ ወንድም፣ የቡድኑ አባል ኒክ ካርተር 13 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ወላጅ ነው የሚፈርመው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የገባበትን ውል በኋላ አልፈልገውም ብሎ ማፍረስ ስለሚችል፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ላይ የሙዚቃ ካምፓኒዎች ውሉን ፍርድ ቤት ወስደው ያስጸድቁታል። አንዴ ከጸደቀ «ያኔ ልጅ ነበርኩ» ብሎ መውጣት ቀረ። ለልጁ ጥበቃ ተብሎ የሚከፈተው መዝገብ መጀመሪያ የሚጠብቀው ካምፓኒውን ነው።

ማሜ ጎፋ፦
ሶስናዬ ሕግ ስትጠቅሺ ደስ ይለኛል፤ ግን ወላጅ ፈርሞለት ሚሊዮን ከገባለት ቅሬታው ምንድን ነው? አንድ አልበሙ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፕላቲነም ሆኗል። ሦስት ሚሊዮን ኮፒ የሸጠ ልጅ ባዶ እጁን ወጣ ልትሉን ነው?

ሒሳብ ሹሙ፦
ኮፒና ገንዘብ አንድ የመሰለህ ለዚህ ነው የምትደጋግመው። የዚያን ዘመን የተለመደ ዓይነት ውል ወስደን እንሥራው፤ ቁጥሩ የማንም ግለሰብ አይደለም፣ ለማሳያ ነው።

ሲዲው በ16 ዶላር ይሸጣል። ካምፓኒው ለማሸጊያ ብሎ 25 በመቶ ይቀንሳል፣ 12 ዶላር ቀረ። የቡድኑ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ፣ 12 በመቶ ነው፣ ግን የፕሮዲውሰሩ 3 በመቶ ከዚያው ላይ ስለሚወጣ 9 በመቶ። ይህም 1 ዶላር ከ8 ሳንቲም። ደግሞ የሚከፈለው በተሸጠው 90 በመቶ ላይ ነው፤ ሸክላ ይሰበር ከነበረበት ዘመን የቀረ ልማድ፣ ሲዲ እንደማይሰበር ሁሉም ያውቃል። 97 ሳንቲም ደረስን። አንድ ሚሊዮን ሲዲ ተሸጦ 972,000 ዶላር።

አሁን ተቀናሹን ቁጠሩ። የስቱዲዮ ወጪ 300,000፣ የሁለት ቪዲዮ ግማሽ ወጪ 400,000፣ ለቱር የተደገፈበት 350,000፣ ቅድሚያ ክፍያ 250,000። ድምሩ 1.3 ሚሊዮን። ልጆቹ ፕላቲነሙን ግድግዳ ላይ ሰቅለው በወረቀት የ328,000 ዶላር ባለዕዳ ናቸው።

ማሜ ጎፋ፦
ባለዕዳ ስትል ሰው አታስፈራራ። ያ ዕዳ ከኪስ አይከፈልም፤ ካልተመለሰ ለካምፓኒው ኪሳራ ነው። ቅድሚያ የወሰዱትን 250,000 ደግሞ በልተውታል። ይሄንን ለምን አላልክም?

ሒሳብ ሹሙ፦
ከኪስ አይከፈልም፣ ትክክል። ከሚቀጥለው አልበም ግን ይከፈላል። ውሉ ውስጥ አልበሞቹን በአንድ ሒሳብ የሚያስር አንቀጽ አለ፤ ሁለተኛው አልበም ገና ሳይቀረጽ ከዜሮ በታች 328,000 ላይ ይጀምራል። «በልተውታል» ያልከው 250,000 ደግሞ ማናጀሩ 20 በመቶ ካነሳለት በኋላ 200,000 ነው፣ ለአምስት የቡድን አባል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 40,000። ሁለት ዓመት የሠሩበት ነው።

ፐርልማን ጋ ደግሞ ለአምስት አይካፈልም፣ ለስድስት ነው! ሰውዬው በውሉ የባክስትሪት ቦይስ ስድስተኛ አባል ነበር። እንደ አባል ድርሻ፣ እንደ ማናጀር ኮሚሽን፣ እንደ ፕሮዲውሰርም የራሱን ይወስዳል። የቡድኑ አባል ብራያን ሊትረል በ1998 ክስ ሲጀምር ያቀረቡት ሒሳብ፣ ከ1993 እስከ 1997 ልጆቹ ባንድ ላይ 300,000 ዶላር ገደማ ሲያገኙ ሰውዬው 10 ሚሊዮን ወሰደ የሚል ነው። ኤንሲንክ በቀን 35 ዶላር አበል እየተሰጣቸው ሦስት ዓመት ሠርተው የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ነበር።

ጋሽ ደረጀ፦
ልጆች፣ ይሄ ለእኛ ምኑ አዲስ ነው? በካሴት ጊዜ ሙዚቃ ቤቱ አንዴ ይከፍልሃል፣ በቃ። ካሴቱ አሥር ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ ይሸጥ ዘፋኙን አይመለከተውም። ግጥምና ዜማ የሰጠውም እንደዚያው። ማንም ለሬዲዮ አልቅሶ አያውቅም።

ብሩኬ ካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ ያለቀሰ ስለሌለ ልክ ነበር ማለት ነው?

ጋሽ ደረጀ፦
ልክ ነው አላልኩም። ግልጽ ነበር ነው ያልኩት። ስትፈርም የምታገኘውን ታውቀዋለህ፣ ከዚያ በላይ ሳንቲም አትጠብቅም። እነዚህ ግን ድርሻ አላችሁ ተብለው ድርሻው በተቀናሽ አለቀ። የትኛው ይሻላል?

ሒሳብ ሹሙ፦
ጋሼ እዚህ ላይ ያሸንፋሉ፤ ለአንድ አልበም ብቻ። ካሴቱን የሸጠ ዘፋኝ ሁለተኛውን ለሌላ ሙዚቃ ቤት ሊወስደው ይችላል። እነሱ ስድስት ሰባት አልበም ታስረዋል።

ማሜ ጎፋ፦
ታዲያ ኤንሲንክ እንዴት ወጡ? ጠበቃ ቀጠሩ፣ ተከራከሩ፣ ወጡ። የተከራከረ ይወጣል። ያልተከራከረው ደግሞ «ተበላሁ» ይላል።

ሶስና ቲ፦
በ1999 ሊወጡ ሲሉ እነ ፐርልማን 150 ሚሊዮን ዶላር ከሰሷቸው። ታኅሣሥ ላይ ከፍርድ ቤት ውጪ ታረቁ፣ አልበሙ በመጋቢት 2000 በአዲሱ ካምፓኒ ወጣና በመጀመሪያው ሳምንት 2.4 ሚሊዮን ተሸጠ። ካምፓኒዎቹ የታረቁት ያ አልበም በሙግት ተይዞ ቢቀር ሁሉም ስለሚከስር ነው። የመደራደር አቅም ማለት ይሄ ነው። የአሮን ወላጆችም በ2002 ለቀድሞ አልበሙ ያልተከፈለ ሮያሊቲ አለ ብለው ፐርልማንን ከሰውታል፤ «ያልተከራከረ» ብለህ አትለፈው። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ የልጁ ገበያ እየቀዘቀዘ ነበር። በቀዘቀዘ ስም ማን ይታረቃል?

ብሩኬ ካዛንቺስ፦
ተካሰው ቢያሸንፉስ ከማን ይቀበላሉ? ሰውዬው ባንክና ጡረተኛ እያታለለ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበ ሆኖ ተገኘ። በ2007 ባሊ ላይ ተያዘ፣ በ2008 25 ዓመት ተፈረደበት። ዳኛው አንድ ሚሊዮን በመለስክ ቁጥር አንድ ወር እቀንስልሃለሁ ብሎት ነበር። እስር ላይ እያለ በ2016 ሞተ።

ማሜ ጎፋ፦
የሱ ወንጀል ሌላ ፋይል ነው። የተታለሉት ባለገንዘቦች ናቸው፣ ዘፋኞቹ አይደሉም። አታደባልቁ።

ኪያ፦
እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ከሚሆን ፍርድ ቤት ሞግዚት ቢሾምላቸው ኖሮስ? ገለልተኛ ሰው ገንዘቡን ይዞ 30 ዓመት ሲሞላቸው ቢሰጣቸው።

ሶስና ቲ፦
ብሪትኒ ስፒርስን ጠይቂያት። በየካቲት 2008 አባቷ ሞግዚት ሆኖ ተሾመባት፣ ሞግዚትነቱ እስከ ኅዳር 2021 ቆየ። ራሷን ማስተዳደር አትችልም የተባለችው ሴት ከ2013 እስከ 2017 ላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ከ240 ጊዜ በላይ ሠርታለች። ከገንዘቧ ለራሷ የሚሰጣት በሳምንት 2,000 ዶላር፣ አባትየው በወር 16,000። ይባስ ብሎ የሁሉም ወገን ጠበቃ ከእሷ ሀብት ነው የሚከፈለው፤ እሷን ተቃውሞ የሚከራከረውም ጭምር። የራሷን ጠበቃ የመረጠችው በሐምሌ 2021 ነው፣ ከ13 ዓመት በኋላ።

ኪያ፦
እሷ እኮ ትልቅ ሰው ነበረች። እኔ ስለ ሕፃናት ነው።

ማሜ ጎፋ፦
ቆይ፣ አባትየው ሲይዘው ሀብቷ 60 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። አሮን ማንም ሳይይዝለት ባዶ። ይሄን ማን ይመልስልኛል?

ብሩኬ ካዛንቺስ፦
በሬዲዮ «እጁን ይዞ ያስፈረመው የለም» ያለውን የደገፍክ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ እጅ የሚይዝ ያስፈልግ ነበር እያልክ ነው?

ፌርፋክስ ልጅ፦
ኪያ ለጠየቀችው ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የኩጋን አካውንት ነው። ጃኪ ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የተወነው ሕፃን ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ሠርቶ፣ በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሶ 126,000 ዶላር ብቻ ደረሰው። በዓመቱ ሕጉ ወጣ። ግን እስከ 2000 ድረስ የሚሠራው ፍርድ ቤት ባጸደቀው ውል ላይ ብቻ ስለነበር አብዛኛው ልጅ አምልጦታል። የኦርላንዶዎቹ ደግሞ ፍሎሪዳ ናቸው፣ የካሊፎርኒያ ሕግ አይደርሳቸውም።

አሁን ልጃችሁን ለማስታወቂያም ለፊልምም የምታስቀጥሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሥራ ፈቃድ ከግዛቱ የሠራተኛ ጽሕፈት ቤት፤ 6 ወር ያገለግላል፣ ሲታደስ የትምህርት ቤት ማስረጃ ይጠይቃል። ቀጥሎ ባንክ ሄዳችሁ በልጁ ስም የታገደ የአደራ አካውንት ትከፍታላችሁ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ የሰፈር ቅርንጫፍ ሠራተኛው ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ ተራ የልጆች ቁጠባ ይከፍትላችኋል። ያ አይቆጠርም። ወላጅ ሊያወጣበት የማይችል፣ ልጁ 18 እስኪሞላው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማይነካ መሆን አለበት። የአካውንቱን ማስረጃ ለአሠሪው ትሰጣላችሁ፣ እሱ ካልተጣራው ክፍያ 15 በመቶ በቀጥታ ያስገባል። በአጃቢነት ብቻ ለቆመ ልጅ ግን አይቆረጥም።

ኪያ፦
ይኸው! መፍትሔ አለ ማለት ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦
15 በመቶ ነው ያለው፣ ሌላውን 85 ተይው። 100,000 ዶላር የተከፈለ ልጅ፦ 15,000 ኩጋን፣ 10,000 ኤጀንት፣ 15,000 ማናጀር፣ 5,000 ጠበቃ። 55,000 ቀረ። በደሞዝ የተከፈለ ከሆነ ግን ከ2018 ወዲህ የኤጀንትና የማናጀር ኮሚሽን ከፌዴራል ግብር አይቀነስም፤ ግብሩ የሚሰላው የማያውቀውን ገንዘብ ጨምሮ ነው። የታገደውም 15,000 የዘንድሮ ግብር አለበት። ገንዘቡን ወላጅ ይቀበለው ማናጀር ይያዘው፣ ለአይአርኤስ፣ ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት፣ የልጁ ገቢ ነው፣ ደብዳቤውም በልጁ ስም ይመጣል። 1.3 ሚሊዮኑ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ሒሳብ ያዡ አንድ ዓመት ግብሩን ለይቶ ካላስቀመጠ ቅጣትና ወለድ እየወለደ ልጁን 25 ዓመቱ ላይ ይጠብቀዋል።

ጋሽ ደረጀ፦
ቲክቶክ ላይ ሕፃን እያስጨፈሩ ስጦታ የሚለቅሙትስ? እነሱ ምን አካውንት አላቸው?

ፌርፋክስ ልጅ፦
ጋሼ፣ ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ሕጉን ወደዚያ አስፍታለች። ኢሊኖይ ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ፦ ልጁ ከ16 በታች ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ከቪዲዮው ቢያንስ 30 በመቶው ላይ ከታየ፣ የታየበትን መቶኛ ግማሽ ከገቢው ያስቀምጡለታል። ቻናሉ በወር 4,000 ዶላር ቢያመጣና ልጁ 60 በመቶው ላይ ቢኖር 1,200 የሱ ነው። ቺካጎ ያላችሁ ስሙ። ወላጅ መዝገብ ካልያዘ ልጁ አድጎ ሊከስ ይችላል።

ማሜ ጎፋ፦
አበሻ እናቱን ሊከስ! ጨዋታው እዚህ ደረሰ።

ሶስና ቲ፦
አዎ ደርሷል። አንተ ግን ከሦስት ሰዓት በፊት የጠየቅንህን አልመለስክም። ኒክ 13 ዓመቱ ላይ የማንን እጅ ነው ማንም ያልያዘው?

ማሜ ጎፋ፦
እኔ ስለ አሮን ነው ያወራሁት፣ ስለ ኒክ አይደለም።

ሒሳብ ሹሙ፦
አሮን የመጀመሪያ አልበሙ ሲወጣ 1997 ነበር። ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት። ይሄ ይሻልሃል?

ማሜ ጎፋ፦
ቁጥር እየቀያየራችሁ ነው። ስፊሩን ማንም አልመለሰልኝም።