ዝምታውን እንዴት ልሳለው?

መላው ጠፍቶብኛልና የምታውቁ እርዱኝ። ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር የተደረገ የድምፅ ቃለ መጠይቅ ወደ አጭር የአኒሜሽን ፊልም እየቀየርኩ ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ አንዱን ስዕል ለ2 ፍሬም ስለማቆየው ለአንድ ሰከንድ 12 ስዕል ይበቃኛል። ንግግሩ አላስቸገረኝም። «መ» እና «በ» ላይ ከንፈሩን ግጥም አደርገዋለሁ፣ ያምራል።

ያስቸገረኝ ዝምታው ነው። ስለ እናቱ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ትንፋሹ ይሰማል፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ቆርጠህ አውጣው ብለውኝ ነበር። አልቆርጠውም፤ ከቃለ መጠይቁ ሁሉ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። ግን ፊቱን ብቻ ሳሳይ ምስሉ ድርቅ ይላል። ሌላ ትዕይንት ሳስገባ ደግሞ ትንፋሹን ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ ዓይነት ዝምታ የሳላችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት? ጣቱን ብቻ ባሳይስ ይበቃ ይሆን?