ጥቆማ፦ ተማሪዎች በቡድን ድርሰት የሚጽፉበት የቱ ይሻላል?

የባሕር ዳሯ መምህርት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። 9ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 60 ገደማ ልጆች አሉኝ። ደብተር ሰብስቤ አርሜ እስክመልስ የጻፉትን ረስተውታል። ውጤቱን ያዩና ይዘጉታል። የምፈልገው ገና ረቂቅ ላይ እያሉ አብረው የሚጽፉበት፣ እኔም መሀል ገብቼ የማርምበት ነገር ነው። የኮምፒውተር ክፍል አለን፤ ኢንተርኔቱ ግን ይመጣል ይሄዳል። ከኮምፒውተር ፕሮግራሞቹ የቱ ይሻላል፦ ጉግል ዶክስ፣ ፓድሌት ወይስ ኢተርፓድ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ሐይቅ ዳር፦
ጉግል ዶክስ። ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንደሰረዘ የሰነዱ ታሪክ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ለአምስት አንዱ ጎበዝ ጽፎ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ የሚያስገቡበት ነገር እዚህ ይጋለጣል። አንድ ሰነድ እስከ 100 ሰው በአንዴ ያጽፋል፤ አንቺ ግን ከ6 አታሳልፊ፣ ዓረፍተ ነገር ይሻማሉ።

ከአዳማ፦
ከመምረጥሽ በፊት የኛን ስሚ። ትምህርት ቤታችን ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ስሙን አልጠራም። ድርሰቱም፣ እርማቱም፣ ውጤቱም እዚያ ነበር። ክፍያ ሲዘገይ አካውንቱ ተዘጋ። የዓመቱ ጽሑፍ በሙሉ ቀረ። አንዷ ልጅ ስለ አያቷ የጻፈችውን ለቤተሰብ ላንብብ ብላ ስትጠይቀኝ የምሰጣት አልነበረኝም።

ጋሽ ውል፦
ውሉ ስለ መረጃው ምን ይላል? ሲቋረጥ ይመልሳሉ ይላል?

ከአዳማ፦
የፈረሙት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። እኛ አላየነውም።

ሰላም ከጎንደር፦
በደብዳቤ ጠይቁ እንጂ። ደረሰኝ ካላችሁ ዝም አትበሉ።

ጋሽ ውል፦
ደብዳቤው ማኅተም ይኑረው። ግልባጭ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት።

ቀበና፦
መምህርቷ ድርሰት ማስተማሪያ ጠየቀች፤ እናንተ ክስ እየመሠረታችሁ ነው። ምስክር መቼ ነው የሚሰማው?

ሸገር ልጅ፦
ቴሌግራም በቂ ነው። ሁሉም ልጅ አለው፣ ፓኬጅም አይበላም።

ቀበና፦
ቴሌግራም ላይ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማረም አይችልም። የሷ ጥያቄ እሱ ነው።

ሸገር ልጅ፦
እኔ ሁሌ በሱ ነው የምሠራው፤ አስቸግሮኝ አያውቅም።

እናት ከቨርጂኒያ፦
እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ልጆቹን አማርኛ እናስተምራለን። የኛ ችግር ሌላ ነው፤ ፊደል እያወቁ ስልክ ላይ በላቲን ይጽፋሉ። ምን ይሻላል?

ላብ ቴክኒሻን፦
አንድሮይድ ከሆነ ጂቦርድ በሚባለው የጉግል ኪቦርድ ላይ አማርኛን ይጨምሩላቸው። ለኮምፒውተር ኪማን የሚባል የፊደል መጻፊያ አለ፤ ነጻ ነው። መምህርት፣ ይሄ አንቺንም ይመለከታል። ኮምፒውተሮቹ ላይ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ዛሬ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ያልሆነ የድሮ ፎንት ካለ፣ በሱ የተጻፈው ወደ ዶክስ ሲገለበጥ የላቲን ምልክት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ እሱን አጣሪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ ኢተርፓድን አትለፊው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫንና ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ይገቡበታል። የውጪው ኢንተርኔት ቢጠፋም ልጆቹ መጻፋቸውን ይቀጥላሉ። አካውንት መክፈት የለም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቀለም ስላለው ማን ዝም እንዳለ ወዲያው ይታይሻል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ጽሑፉ ከባዶ ገጽ ጀምሮ እንዴት እንዳደገ መልሰሽ ማሳየት መቻልሽ ነው። ይህን በፕሮጀክተር ያየ ልጅ ጎበዝ ጸሐፊም እንደሚሰርዝ ይገባዋል። መብራት ከጠፋ ግን ሁሉም ያው ነው። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሥራውን በፍላሽ ያዢ። ፓድሌት ያለቀ ጽሑፍ ለመለጠፍ ያምራል፤ አንድ አንቀጽ ላይ አብሮ ለመሥራት ግን አይመችም። በነጻ የሚሰጠው ሰሌዳም ጥቂት ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ዶክስም እኮ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ላብ ቴክኒሻን፦
ይሠራል፤ ግን ያኔ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። አብሮ መጻፉ ኔትወርክ ይፈልጋል።

ሐይቅ ዳር፦
ይሁን። እኔ ከዶክስ አልወጣም።

ሰላም ከጎንደር፦
የጉግሉ ሰሌዳ ጃምቦርድስ?

ቀበና፦
ጉግል ራሱ በ2024 መጨረሻ ዘግቶታል።

እትዬ ድርሰት፦
እኔ የምለው ስለ አስተያየቱ ነው። የትኛውንም ምረጪ፣ ልጆች የጓደኛቸው ጽሑፍ ሥር «በጣም ቆንጆ ነው» ብለው ያልፋሉ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ስጫቸው። የአንቀጹ ኃይለ ቃል የቱ ነው? እሱን የማይደግፍ ዓረፍተ ነገርስ አለ? መልሱን ዳር ላይ ይጻፉ እንጂ የሌላውን ጽሑፍ አይንኩ። ማስተካከል ያለበት ባለቤቱ ነው። የሀሌታው «ሀ»ና የሐመሩ «ሐ» ክርክር መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ ሐሳቡን ማንም አያነብም።

የባሕር ዳሯ መምህርት፦
እትዬ፣ ይቺን ነገ ክፍል ይዤ እገባለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቴክኒሻን፣ አንዱ ኮምፒውተር አሮጌ ቢሆንም ይችለዋል?

ላብ ቴክኒሻን፦
ለአንድ ክፍል ይችላል። ከሁሉም የተሻለውን ምረጪለት።

ጋሽ ውል፦
አዳማ፣ ውሉ ተገኘ?

ከአዳማ፦
ርዕሰ መምህሩ ተቀይረዋል። አዲሱ ፋይሉን እየፈለጉ ነው።